በእህቱ ጉሮሮ

ነጎድጓድ የሚሉት ሾፌር ከሞተ መንፈቅ አልፎት፣ አንድ ማለዳ ድምፁ በመናኸሪያው ድምፅ ማጉያ ተሰማ።

«ወደ ወደቡ የምትጓዙ መንገደኞች፣ አውቶብሳችሁ ሦስተኛው በር ላይ ቆሟል፤ ዕቃችሁን አስጭናችሁ ግቡ!»

ጎርናና፣ ከደረት ሥር የሚወጣ፣ ቃሉን መጨረሻው ላይ ጎተት የሚያደርግ ድምፅ ነው። ጎማ ሲያጠብቅ የነበረው መፍቻው ከእጁ አመለጠው። ሻይ ያነሳው ብርጭቆውን ከንፈሩ ጋ እንዳደረሰ ቀረ። ጋሽ ፍሬን የሚባሉት ሽማግሌ ሾፌር ሞተር አስነስተው ነበር፤ አጠፉት። ስሙ የወጣላቸው ቁልቁለት ባዩ ቁጥር እግራቸው ከፍሬን አይነሳም ተብሎ ነው። ቀስ ብለው ወረዱና ምሰሶው ላይ የተሰቀለውን ድምፅ ማጉያ ቀና ብለው አዩት፤ ሰው የሚያዩ ይመስል።

«ይሄ እኮ እሱ ነው» አሉ። «አፈር ያለበስነው ሰውዬ ነው።»

እሱ አልነበረም። እህቱ ነበረች።

እህቱ የመናኸሪያው መንገደኛ ጠሪ ናት። ከትኬት መቁረጫው በላይ ባለች የመስታወት ክፍል ተቀምጣ የሚወጣውንና የሚገባውን አውቶብስ ስትጠራ ብዙ ዘመኗ ነው። ድምፅዋ ቀጭንና ጥርት ያለ፣ በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሃል እንደ ክር ሾልኮ የሚሄድ ስለነበረ ሾፌሮቹ «ደወል» ብለው ሰየሟት። «ደወል እንኳን የተኛ መንገደኛ የሞተ ሞተር ታስነሳለች» ይሉ ነበር ሲቀልዱ። ታላቅ ወንድሟ ደግሞ ሲያስነጥስ መስታወት የሚያርገፈግፍ ሾፌር ነበር። ከአንድ ማህፀን ወጥተው ቀጭኑን ለሷ፣ ወፍራሙን ለሱ ተካፈሉት እየተባለ ይሳቅባቸው ነበር።

በዚያ ማለዳ ደወል በመስታወቱ ቁልቁል ስታይ፣ ግቢው ውስጥ ያለው ፊት ሁሉ ወደ ላይ ተሰቅሏል። የሚስቅ የለም። ማይኩን በመዳፏ አፈነችው። ለወራት ማይኩ ላይ ድምፅዋን በግድ አቅጥና እየጠራች ስትፈራው የኖረችው ነገር ነው የደረሰው፤ እንዲህ በአደባባይ ይደርሳል ብላ ግን አልጠበቀችም።

አለቃዋ እያለከለከ ደረጃውን ወጣ። ነገር የማይወድ፣ ሆዱ ቀድሞት የሚገባ ሰው ነው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ጉንፋን ነው» አለች።

ድምፁን በቅርብ ሲሰማው አለቃው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። «ጉንፋን ይሄን ያህል ወር? ስሚ፣ አንዱ ‹ሙት እየጠራኝ መንገድ አልገባም› ብሎ ቁልፉን ጠረጴዛዬ ላይ ወርውሮልኝ ሄዷል። በይ ለጊዜው የጠፋ ዕቃ ክፍል ግቢልኝ። እዚያ ብዙ ወሬ የለም።»

ነገሩ የጀመረው ከለቅሶው ነው። ነጎድጓድ መንገደኞቹን በደህና አውርዶ ባዶውን አውቶብስ ሲመልስ ዝናብ ነበር። ተራራው ላይ ካለችው እጥፋት ሲደርስ አልታጠፈም። ያየ የለም፣ የነገረ የለም። እህቱ ባለቀሰችው ልክ ድምፅዋ ሻከረ፤ ለቅሶው ሲያልቅም ሻክሮ ቀረ። ማንንም አልገረመም፤ ያለቀሰ ሰው ይጎረንናል። የወር አበባዋ ሲቀር «ሐዘን ደም ያደርቃል» አለች አክስቷ፤ አመነቻት። ቀጥሎ እንደ ጎረምሳ ፊቷን ብጉር ወረሰው። ከዚያ አገጯ ሥር አንድ ጥቁር ፀጉር በቀለ። በወረንጦ ነቀለችው። በማግስቱ ጎረቤቱ ወጣ። ግንባሯ ላይ የሚፈለገው ፀጉር እየሸሸ፣ የማይፈለገው አገጯ ላይ እየሰፈረ ሄደ። ከቤት ስትወጣ ሻርፕ እስከ ከንፈሯ መጠቅለል ለመደች።

ከሁሉ የባሰው ግን ድምፅዋ ነበር። ደረጃ እንደሚወርድ ሰው ቀስ እያለ ወረደ። መቼ እንደሆነ ሳታውቀው ሻካራነቱ ለቀቀና ጥርት ብሎ ወጣ፤ ጥርት ብሎ የወጣው ግን የሷ አልነበረም። አንድ ቀን ልብስ እያጠበች ለራሷ ስታንጎራጉር ወንድሟ ከጀርባዋ የገባ መስሏት ዞረች። ማንም የለም። አፏን በእርጥብ እጇ ግጥም አድርጋ ያዘችው።

ቤቱ ውስጥ ያሉት እሷና እናቷ ብቻ ናቸው። የእናትየዋ ዓይን ከደበዘዘ ቆይቷል፤ ሰው የሚታያት ጥላ ሆኖ ነው፤ ማን መሆኑን የምትለየው በድምፁ ነው። ልጇ ከተቀበረ ወዲህ ከአልጋ አልወረደችም። አንድ ማንኪያ ለመዋጥ ተለምና ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ደወል ከሥራ ገብታ፣ ሳታስበው እንደ ድሮዋ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «እማዬ፣ ገባሁ» አለች።

እናትየዋ ብርድ ልብሱን ገፍፋ ተቀመጠች። ፊቷ ፈካ።

«የኔ ጌታ! መጣህ?»

ደወል ከበሩ ሳታልፍ ቆመች። «እኔ ነኝ፣ እማዬ።»

ይህን ማለቷ ነገሩን አባሰው። «እኔ ነኝ» ያለውም ያው ድምፅ ነው።

«አንተ መሆንህን መች አጣሁት» አለች እናቷ። «እግርህን ጠርገህ ግባ። ምነው እንዲህ ቆየህ?»

በዚያን ቀን እናቷ ሳትለመን በላች። ሳህኑ ተጠረገ። ደወል በማግስቱ ልታስረዳት አሰበች፤ በማግስቱም አሰበች። በሹክሹክታ ለመናገር ሞከረች፤ «ምን ያንሾካሹክሃል፣ ሙት ያለበት ቤት ይመስል» ብላ እናቷ ተቆጣች። ዝም ስትል ደግሞ አሮጊቷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ምግቡን ትተወዋለች። አንድ ቀን ደወል ትዕግሥቷ አልቆ «ኧረ ብዪ እንጂ!» ብላ ስትጮህ፣ «እሺ፣ እሺ ጌታዬ፣ አትቆጣ» ብላ እንደ ልጅ አፏን ከፈተች። ከዚያ ወዲያ መድኃኒቷንም ምግቧንም የምትቀበለው ከልጇ ከነጎድጓድ ሆነ። ደወልም አውቃ ዋሸች ለማለት ይከብዳል፤ ዝም ብላ ነው የዋሸችው።

አፏን ከፍታ የዋሸችበት ቀን ግን መጣ። ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል። እናትየዋ እጇን ዘርግታ የልጇን ትከሻ ዳበሰች፤ በወራት ውስጥ ጠንክሯል፤ ሰፍቷል። «ከስተህ ይሆናል ብዬ ሰግቼ ነበር» አለችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እህትህ አለች?»

«የለችም» አለች ደወል።

«እንግዲያስ ልንገርህ፤ ለሌላ ሰው አይነገርም። አንተ ከሄድክ ወዲህ በሩ በተከፈተ ቁጥር ልቤ ዘሎ ይወጣል። ከዚያ እሷ ሆና ትገኛለች። እሷ መሆኗን ሳውቅ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እናደዳለሁ። ምን አደረገችኝ? ታጥበኛለች፣ ታበላኛለች። ግን በሩን ከፍታ የምትገባው እሷ በመሆኗ እናደድባታለሁ። እናት እንዲህ ትላለች?»

ደወል ብትናገር የሚወጣው የሱ ድምፅ ነው። ዝም እንዳትል እናቷ ጆሮዋን አቁማ መልስ ትጠብቃለች።

«ትላለች» አለች በመጨረሻ። «ምንም አይደል።»

«ታውቅብኝ ይሆን?»

«አታውቅም።»

አሮጊቷ እፎይ ብላ ተኛች። ደወል ኩሽና ገብታ ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፈተችና አለቀሰች። ለቅሶዋ ራሱ የወንድ ነበር።

የጠፋ ዕቃ ክፍል ከመናኸሪያው ጓሮ ናት። ጃንጥላ አለ፣ ነጠላ ጫማ አለ፣ ባለቤት ያጣ ሻንጣ አለ፤ አንድ ረድፍ ሰው ሠራሽ ጥርስ እንኳ አለ፤ ጥርሱን ረስቶ የወረደው መንገደኛ ምን ሊበላ እንደሄደ እንጃ። ሾፌሮቹ በዚያ በኩል ማለፍ ትተዋል። ጋሽ ፍሬን ብቻ አንድ ቀን መጡ። ቆባቸውን አውልቀው አንዱ ሻንጣ ላይ ተቀመጡ።

«አንድ ነገር ልጠይቀው ነው የመጣሁት» አሉ።

«ማንን፣ ጋሼ?»

«እሱን። ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ያቺን እጥፋት እንደ ቤቱ ደጃፍ ያውቃታል። ፍሬን ከዳው ወይስ እንቅልፍ? ይቺን ብቻ ይንገረኝ። እዚያች ቦታ ስደርስ እጄ መሪ አልይዝ እያለኝ ነው።»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ነኝ። ደወል።»

«ጠፍቶኝ አይደለም፣ ልጄ። ግን ድምፁ አንቺ ጋ ነው። ድምፅ ካለ ባለቤቱ የት ይሄዳል?»

«አላውቅም» አለች ደወል። «ምንም አላውቅም።»

ጋሽ ፍሬን ድምፁን አዳምጠው ራሳቸውን ነቀነቁ። «አያውቅም» አሉ ለራሳቸው። «እሱም አያውቀውም ለካ።» ተነስተው ወጡ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ደወል ራሷን ፈራች። ቤት እናቷ፣ ሥራ ቦታ ጋሽ ፍሬን፣ ሁለቱም ሟቹን የሚፈልጉት እሷ ውስጥ ነው። እሷም ብትሆን ፍለጋውን ጀምራ ነበር። ከእምብርቷ ግራ ዝቅ ብሎ አንድ የሚከብድ ነገር ይሰማት ነበር፤ ስትተኛ ወደ ጎን ይንከባለላል፣ ስትነሳ ተመልሶ ይቀመጣል። እጇን ታሳርፍበትና «እዚህ ነው ያለኸው?» ትላለች። ድምፁ ራሱ ሲጠይቅ፣ ራሱ የሚመልስ ይመስላት ነበር።

ሲብስባት አንድ ትንሽ ክሊኒክ ሄዳ ነበር። ሻርፗን ሳትፈታ፣ በሹክሹክታ «ሆዴን ያመኛል» ብቻ አለች። የመረመራት ወጣት «ውኃ የቋጠረ ከረጢት ይመስላል፤ ሲስት ይባላል፤ ሴቶች ላይ ይመጣል፣ ብዙ ጊዜ ራሱ ይጠፋል። ከቆየ ተመለሺ» ብሎ የሕመም ማስታገሻ ሰጣት። እሱ ላይ አይፈረድም፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። እሷም አልተመለሰችም።

ያዳነቻት አክስቷ ናት። አክስትየዋ እንደ መቀስ የተሳለ ምላስ ያላት፣ ልቧ ግን ቅቤ የሆነ ሴት ናት። ልትጠይቃቸው መጥታ ከበር ላይ እንዳለች እናትየዋ ከልጇ ከነጎድጓድ ጋር ስትጫወት ሰማች፤ እሱም ሲመልስላት ሰማች። ግድግዳውን ይዛ ገባች። ከአልጋው አጠገብ የተቀመጠችው የእህቷ ልጅ ናት፤ ሻርፕ የላትም፣ አገጯ ጠቁሯል፣ ሆዷን በእጇ ይዛ ጎብጣለች።

አክስትየዋ ጎትታ ወደ ኩሽና አስገባቻት። አገጯን ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረችው።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«እሱ ገብቶብኛል፣ አክስቴ።»

«ዝም በይ! የሞተ አይነሳም። ያበጠ ግን ይኸው ይታያል። ልበሺ፣ ሆስፒታል እንሄዳለን።»

የማህፀን ሐኪሙ ረጋ ያለ ሰው ነበር። ድምፅዋን ሲሰማ ፊቱ አልተለወጠም፤ ብዕሩን ብቻ አስቀመጠ። ድምፁ መቼ እንደወፈረ፣ ፀጉሩ መቼ እንደበቀለ፣ የወር አበባዋ መቼ እንደቀረ ጠየቃት። ከወራት በኋላ የጠየቃት ሰው ስታገኝ ደወል ሁሉንም ዘረገፈችው፤ የእናቷን ነገር ብቻ አስቀረች። ደሟ ተመረመረ፤ አልትራሳውንድ ተነሳች።

«ደምሽ ውስጥ ያለው የወንድ ሆርሞን እኔ ደም ውስጥ ካለው አይተናነስም» አላት ውጤቱ ሲመጣ። «ይሄ ከረጢት ብቻ አይደለም፤ አብዛኛው ድፍን ነው። የሴት እንቁላል የሚያዘጋጀው እንቁልጢ የሚባለው አካል አለ፤ ግራና ቀኝ። ግራው ላይ ዕጢ አድጓል። ሆርሞኑን የሚረጨው እሱ ነው። መውጣት አለበት፤ የቀኙ ጤነኛ ነው፣ አንነካውም።»

«ድምፄ ይመለሳል?»

«ብጉሩ ይጠፋል፤ ፀጉሩ ይሳሳል፤ የወር አበባሽም ይመለሳል። የድምፅ አውታር ግን አንዴ ከወፈረ ብዙውን ጊዜ አይቀጥንም። አልዋሽሽም።»

አክስቷ እንባዋን አወረደችው። ደወል ውስጥ ግን ሁለት ነገር ተላተመ። አንዱ ሐዘን ነው። ሌላውን በስሙ ልትጠራው አፈረች፤ ድምፁ ካልሄደ እናቷ አትራብም ማለት ነው።

ቀዶ ጥገናው በደህና አለፈ። ከማደንዘዣው ስትነቃ መጀመሪያ የዳበሰችው ግራ ጎኗን ነው። የሚንከባለል ነገር የለም። ፋሻና ሕመም ብቻ ነው ያለው። ባዶነቱ እንግዳ ሆነባት፤ ሰው ለቅቆት የሄደ ክፍል መሰላት።

አክስቷ ሾርባ ይዛ ስትመጣ ፊቷ ጠቁሯል። «እናትሽ አልበላ አለችኝ። ደጃፍ ወንበር አስቀምጣ ‹ልጄ ቀረ፣ ልጄ ቀረ› ትላለች። ዛሬ የሞተ ነው የመሰላት።» ማንኪያውን አስቀመጠች። «አንቺ ነሽ ያስለመድሻት። አንድ ጊዜ የቀበረችውን ስንት ጊዜ ታስቀብሪያታለሽ?»

ደወል ሾርባውን ገፋ አደረገችው።

የወጣው ዕጢ ተመርምሮ ውጤቱ ሲደርስ ሐኪሙ መልካም ወሬ ነገራት። ደወል ግን ከወንበሩ አልተነሳችም። «ላየው እፈልጋለሁ» አለች። ሐኪሙ ሊከለክላት አፉን ከፈተና ፊቷን አይቶ ተወው። ስልክ ደወለና ኮሪደሩ መጨረሻ ወዳለው ክፍል ላካት።

የዚያ ክፍል ባለቤት ፓቶሎጂስት ናት፤ ከሰው የወጣ ሥጋ እየቆራረጠች፣ በማይክሮስኮፕ እያየች በሽታውን የምትለይ ሐኪም። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መነጽሯን ትፈልግ ነበር። ሥጋው እንዳይበላሽ የተነከረበት የፎርማሊን ሽታ ዓይን ያቃጥላል። መደርደሪያው ላይ ማሰሮ የመሰሉ ብርጭቆዎች ተሰልፈዋል።

«ብዙ ሰው ማየት አይፈልግም» አለች። «እንደዚያ ይሻላል የሚሉም አሉ።» ደወል ሌሎቹን ብርጭቆዎች ስታይ አይታ፣ «እነዚህም የእንቁልጢ ናቸው» አለች። «ይሄኛው ንጹሕ ውኃ ብቻ ነው የቋጠረው። ያኛው ዝልግልግ ሞልቶ ባልዲ አክሎ ነበር፤ የወጣላት ሴት አርግዣለሁ ብላ የልጅ ልብስ ገዝታ ነበር። ይሄ ደግሞ ፀጉርና ጥርስ አብቅሏል። አብዛኞቹ ክፋት የላቸውም፤ ክፉዎቹም አሉ።»

ከዚያ የደወልን አወረደችላት። የብርቱካን ያህላል፤ ለሁለት ተከፍሏል። ውስጡ እንደ ተቀቀለ እንቁላል አስኳል ቢጫ ነው፤ ጥግ ላይ ትናንሽ የውኃ ከረጢቶች አሉት። ደወል ስታየው የምትጠብቀው ነገር እንዳልሆነ ገባት፤ ምን ትጠብቅ እንደነበር ግን ለራሷም አልነገረችውም። ፊት ትጠብቅ ነበር።

«ነይ፣ እዚህ በደንብ ታይዋለሽ» አለች ፓቶሎጂስቷ፣ ከማይክሮስኮፑ ፊት አስቀምጣት። ሮዝና ሐምራዊ ሜዳ ታየ። «ክብ ክብ እየሠሩ እንደ ቱቦ የተሰለፉትን አየሽ? በመካከላቸው ያሉት ሮዝ ሮዝ ሕዋሳት ናቸው ሆርሞኑን የሚሠሩት። አንዷ ውስጥ እንደ ዘንግ የቀጠነች ነገር አለች። ይህን ዘንግ በተለምዶ የምናገኘው የወንድ የዘር ፍሬ ውስጥ ነው።»

ደወል ዓይኗን ሳታነሳ «ወንድሜ ነው?» አለች።

ፓቶሎጂስቷ አልሳቀችም። ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ወንድም ነበረሽ?»

«ሞቷል። ይህ የምትሰሚው ድምፅ የሱ ነው።»

«እሱ አይደለም። ያንቺው ሥጋ ነው፤ ከማንም አልመጣም። ሁላችንም ማህፀን ውስጥ መጀመሪያ አንድ ዓይነት ነን፤ የሴቷ እንቁልጢም የወንዱ የዘር ፍሬም ከአንድ ነገር ነው የሚነሱት። በኋላ ነው መንገድ የሚለያዩት። አንዳንዴ ከጊዜ በኋላ፣ ስንት ዓመት የኖረች ሕዋስ መንገዷን ትስታለች። ለምን ብትዪኝ አላውቅም።»

ደወል ወንድሟ የቀረባትን ያቺን እጥፋት አሰበች።

«ወንድምሽ መቼ ነው የሞተው?» ስትነግራት ፓቶሎጂስቷ ራሷን ነቀነቀች። «መጠኑን ሳየው ከዚያ በፊት የጀመረ ይመስለኛል። እሱ በሕይወት እያለ።»

ያኔ ነው ትዝ ያላት። ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ አንድ ጠዋት ጫማውን እያሰረ፣ «ድምፅሽን ምን ነካው? ቀስ እያልሽ ወደኔ እየመጣሽ ነው» ብሏት ነበር። ስቆ ነበር። እሷም ስቃ ነበር። ሳይሞት በፊት ነገሩ ሆዷ ውስጥ ነበር፤ እሱም ሰምቶት ነበር። መንፈስ ነው ብላ ስታስብ እንኳ እንዲህ አልቀዘቀዘችም።

«የክፋቱ ደረጃ መካከለኛ ነው» አለቻት ፓቶሎጂስቷ ስትሸኛት። «አልፈነዳም፣ አልተሠራጨም። ግን ክትትል አትተዪ።»

ቤት ስትደርስ እናቷ ደጃፍ ላይ ናት። ከስታለች። የእርምጃ ድምፅ ስትሰማ «የት ነበርክ?» ብላ እጆቿን ዘረጋች።

ደወል ፊት ለፊቷ ተንበረከከች። የእናቷን እጅ ወስዳ ጆሮ ጌጧን አስነካቻት፤ ቀጥሎ ሆዷ ላይ ያለውን ፋሻ።

«እማዬ፣ ሴቷ ልጅሽ ነኝ። ድምፄን የለወጠው በሽታ ነው፤ ሆዴ ውስጥ ነበር፣ አወጡልኝ። ወንድሜ ሞቷል። ከሞተ ወዲህ በዚህ በር የገባ የለም። እኔ ነበርኩ።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

የአሮጊቷ እጅ ፋሻው ላይ ቆመ። «ያን ቀንም? ዝናብ ሲዘንብ?»

ደወል መዋሸት ትችል ነበር። «ያን ቀንም» አለች።

እናቷ እጇን ነጠቀች። ተነስታ ግድግዳውን እየዳበሰች ገባችና ጮኸች፤ ልጇ ዛሬ እንደሞተ ሆና ጮኸች። ጎረቤት ተጠራርቶ መጣ። «ማን ሞተ?» ይላሉ፤ ደወል ከበሩ ገለል ብላ አሳለፈቻቸው።

ከዚያ በኋላ እናቷ አላናገረቻትም። ምግብ ግን ትበላ ነበር፤ ራሷ፣ በእጇ እየፈለገች። ደወልም አልለመነቻትም። የወር አበባዋ ተመለሰ፤ ወረንጦው ሥራ ፈታ። ድምፁ ግን እዚያው ነው። ባዶ ክፍል ውስጥ «ቁልፌን የት ጣልኩት?» ስትል አሁንም ዞር ብላ ታያለች። መናኸሪያው አዲስ ጠሪ ቀጠረ፤ አለቃው አፍሮ ሌላ ቦታ ሊሰጣት ቢፈልግ «እዚሁ ይመቸኛል» ብላ ከጃንጥላዎቹ ጋር ቀረች። ጋሽ ፍሬንም ተራራውን ትተው የከተማ መስመር ያዙ። ሲያገኟት ሰላም ይሏታል፤ መልሷን ግን ሳይሰሙ ፈጠን ብለው ያልፋሉ።

አንድ ጠዋት የእናቷን ጀርባ ስታጥብ፣ እናቷ ድንገት «ቁስልሽ ደረቀ?» አለች።

ደወል ሳሙናውን አስቀመጠች። «ደርቋል።»

«አምጪው።»

እጇን ወስዳ ጠባሳው ላይ አኖረችላት። አሮጊቷ በአውራ ጣቷ ከዳር እስከ ዳር ተከተለችው፤ የጨርቅ ስፌት እንደምትፈትሽ።

«ሲያምሽ አንድ ቀን እንኳ ሳልሰማ» አለች። ቆየት ብላም፣ «ያን ቀን የተናገርኩትን…»

«ለሱ ነው የነገርሽው፣ እማዬ። እኔ አልነበርኩም።»

«ነበርሽ እንጂ» አለች እናቷ። ሌላ አልጨመረችም፤ ፎጣውን ጠየቀች።

ለክትትል በተቀጠረችበት ቀን ሐኪሙ የደም ውጤቷን አይቶ ፈገግ አለ፤ ሆርሞኑ ወደ ቦታው ተመልሷል። ደወል ከሆስፒታሉ በር እንደወጣች ቤት ደወለች። ስልኩ ብዙ ጠራ፤ እናቷ በዳበሳ እስክታገኘው ነው።

«ሃሎ? ማነው?»

«ልጅሽ ነኝ።»

ከወዲያ ማዶ የግድግዳው ሰዓት ሲቆጥር ይሰማል።

«የቱ?» አለች እናቷ።

«ያለችው።»

ደወል ስልኩን ከጆሮዋ ላይ አጥብቃ ያዘችው።

«ምን አለሽ ሐኪሙ?»

«ደህና ነሽ አለኝ።»

«ተመስገን። እንግዲያስ ስትመጪ ዳቦ ይዘሽ ነይ። ትኩሱን፤ የትናንቱ ድንጋይ ነበር።»

ደወል ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ መንገዱን ተሻገረች። ዳቦ ቤቱ ውስጥ ሻጩ ጀርባውን ሰጥቶ ከምድጃው ዳቦ ያወጣል።

«ትኩስ አለ?» አለች።

«አለ፣ ወንድሜ፣ ስንት ልስጥህ?» አለ ሳይዞር።

«አራት» አለች፤ ቆማ ጠበቀች።